የሁቃ ተራ

ሐሙስ፣ ጥር 3 ቀን 1965

ዛሬ ምንም የለም። አንድ በሬ አረድን፣ ግማሽ ጉበት ተረፈ፣ እትዬ በዛብሽ ተቆጡ። ሥጋ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ቢላዋው ግን የእኔ።

የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። መምህር ሙሉነህ "ቢረሳው፣ በየቀኑ ጥቂት ካልጻፍክ እጅህ ይረሳል" አሉኝ። የእኔ እጅ? ዓይኔን ጨፍኜ ሽንጥና ዳቢት የምለይበት እጅ ሀሁ ይረሳል? ለማንኛውም ይኸው፣ ደብተር ገዛሁ።

ምን ይጻፋል ግን? ስለ ራሴ እንዳልጽፍ ነገሌ በሙሉ ያውቀኛል። ስለ ዳዋ ልጻፍ። ወንዙን አይደለም፣ የኳስ ቡድናችንን። ሰማያዊ ማልያ፣ ዓብዱልሀኪም ልብስ ሰፊው ከሞያሌ በመጣ ጨርቅ የሰፋው፣ በታጠበ ቁጥር የሚያጥር። አጥቂው ሁቃ ነው። ድምፁ እኔ ነኝ። እኔ ሜዳ ዳር ቆሜ ስጮህ የጦር ካምፑ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባውን አልጋው ሥር ይደብቃል ይባላል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

ዘንድሮ የነገሌን ዋንጫ የወሰደ ቡድን አዋሳ ይሄዳል። ለጠቅላይ ግዛቱ ውድድር፣ በካሚዮን፣ ደጋፊ ጭምር። ለሥጋ ቤቱ ደንበኛ ሁሉ ተናግሬአለሁ፦ ሐይቁ ዳር ቆሜ ስጮህ ዓሣው ራሱ ይወጣል። አዋሳን አይቼ አላውቅም። ዘንድሮ አያታለሁ። ካላየኋት ቢረሳው አይደለሁም።

እሁድ፣ ጥር 6

ሦስት ለባዶ። አስተማሪዎቹን። ሁቃ ሁለቱን አገባ።

ይህ ሰው ይገርመኛል። እህል መጋዘን በቀን ሥራ ጆንያ ይሸከማል። ኳስ ሲይዝ አይጮህ፣ አይሳደብ፣ ሲያገባ እንኳ አይስቅ። የሚስቅለት እኔ ነኝ። ሥራ ተከፋፍለናል።

መምህር ሙሉነህ ለአስተማሪዎቹ ተከላካይ ነበሩ። ሁቃ ሁለት ጊዜ ጥሏቸው ሲያልፍ፣ መምህር፣ እኔን ማንበብ አስተማሩኝ፣ የሁቃን እግር ማን ያንብብልዎ አልኩ። ሜዳው በሳቅ ሞተ። እሳቸውም ሳቁ። ትልቅ ሰው ናቸው።

እሁድ፣ ጥር 20

ተሸነፍን። አንድ ለባዶ። ያውም በመንገድ ሠራተኞች! አካፋ ተደግፎ ከመቆም ሌላ በማያውቁ ሰዎች።

ሁቃ አልነበረም። የት ሄደ? ኤላ። የቦረና የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቅ ነው። ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ መሰላል ላይ ቆመው ውሃውን በቆዳ ባልዲ ይቀባበላሉ፣ ከታች ወደ ላይ፣ እየዘፈኑ። በበጋ ከብት የሚጠጣው በየሦስት ቀኑ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ተራ አለው። ዛሬ የሁቃ አጎት ተራ ነበር፤ ሁቃ ወረደ። አለቀ።

ይህ የሦስት ቀን ነገር ከሳምንት ጋር አይገጥምም። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ማባዛት ተምሬ የለ? በየሦስተኛው እሁድ ሁቃን እናጣዋለን። ይህን ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። አቶ ሥዩም እንኳ አላወቁም። ሊቀመንበራችን ናቸው፣ ነዳጅ ይሸጣሉ፣ ሦስትና ሰባትን ማጋጠም ግን ለሥጋ ቆራጭ ተረፈ።

ሰኞ፣ ጥር 21

ሁቃ ሥጋ ቤቱ በር ላይ መጥቶ "ናጋ" አለኝ። የምን ናጋ? ሰላም ከየት ይመጣል? ተቆጥቼ ነበር። የአጎትህ ላም ጎል ታገባለች ወይ አልኩት። ወረፋ የቆመው ሁሉ ሳቀ።

"ተራዬ ነበር" አለ።

"እሁድ እኮ ነበር።"

"እሷ እሁድ መሆኑን አታውቅም።"

ሌላ ቃል የለውም። ተራዬ ነበር፣ ተራዬ ነው፣ ተራዬ ይሆናል። አማርኛ አጥቶ አይደለም፤ አማርኛው ከእኔ ኦሮምኛ አሥር እጅ ይሻላል። እዚሁ ነገሌ ተወልጄ እኔ ኦሮምኛ ስናገር ዛሬም ገበያው ይስቃል። ማሳቅ ለምጄ እንጂ...

እሁድ፣ የካቲት 11

ያለ ሁቃ። ባዶ ለባዶ። ነጥቧን የያዝናት በእኔ አፍ ነው። በረኛቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ ጫማው ስጠይቀው ዋልኩ። አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። ሰውየው ኳሱን ትቶ እግሩን ሲያይ ዋለ። እኛም ማግባት አልቻልንም እንጂ...

እሁድ፣ የካቲት 18

አለፍን። ሁቃ፣ ሁቃ፣ እንደገና ሁቃ። ለዋንጫ ከካምፑ ቡድን ጋር፣ የሚመጣው እሁድ። ሁቃ ነጻ ነው፤ አስልቻለሁ።

እትዬ በዛብሽን ለአዋሳ ፈቃድ ጠየቅኋቸው።

"እዚያ ሄደህ ምን ልትሆን?"

"ድምፅ።"

"እዚህስ መች አጣነው" አሉ። ፈቀዱ ማለት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 19

ጨዋታው በአንድ ሳምንት ተገፋ። የሚመጣው እሁድ ቅበላ ነው። አቶ ሥዩም ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ፤ ቁርጥ የጠገበ ተጫዋች አይሮጥም፣ ሕዝቡም ከገበታ አይነሣም አሉ። ደስ አለኝ። በቅበላ ቀን እኔን ከሥጋ ቤት ማን ያስወጣኛል? ግሩም አስበዋል ጌታዬ አልኳቸው። ቢላዋዬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ጣቴ ላይ የቆጠርኩት። መጋቢት ሁለት። የሁቃ ተራ።

አዋቂው ቢረሳው። ሒሳበኛው።

ሐሙስ፣ የካቲት 22

አቶ ሥዩምን ለመንኩ። ቀኑን ይለውጡልን፣ ካምፖቹ እምቢ አይሉም አልኳቸው። "ለአንድ ከብት ጠባቂ ብዬ ካምፕ በር ላይ አልቆምም" አሉ። ያው ከብት ጠባቂ ነው እዚህ ያደረሳቸው። አላልኳቸውም። ልል ነበር።

ከዚያ ሁቃን ይዤ አጎቱ ዘንድ ሄድኩ። ኦቦ ዋቆ ይባላሉ፤ ሽማግሌ ናቸው። አካም ቡልተኒ ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁቃ ተረጎመልኝ። ወንዶች ልጆቻቸው የቀሩትን ከብቶች ይዘው ዳዋ ዳር ወርደዋል፤ እውነተኛው ዳዋ፣ ወንዙ። ኤላው ላይ አንድ ሰው ከጎደለ ውሃው መሃል ላይ ይቆማል። እና ሁቃ አይቀርም። ነገሩ ያለቀ ነበር።

"እኔ ልውረድለት።"

ያለው አፌ ነው። እኔ ገና እያሰብኩ ነበር።

ኦቦ ዋቆ ክንዴን አዩ። ሆዴንም አዩ። ሁቃን ጠየቁት፣ ይህ ሰው ውሃ ያውቃል ወይ ብለው።

"ሥጋ ያውቃል" አለ ሁቃ።

ሲቀልድ ሰማሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሽማግሌው ሳቁ። እሺ አሉ።

እንግዲህ... የዳዋ ጨዋታ አምልጦት የማያውቅ ሰው የዋንጫውን ጨዋታ አያይም ማለት ነው። ይሁን። አዋሳን አያለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 26

ጾም ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። እስከ ፋሲካ ሥራዬ ማውራት ነው።

ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። እሁድ ሁቃ ዋንጫ ያመጣል፣ እኔ የቦረናን ከብት አጠጣለሁ፣ ለሁለታችንም ሐውልት ይሠራል፤ የእኔው ይበልጣል፣ ሆድ ስላለው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 1

ሁቃ መጣ። የኤላ ሽርጡን ሰጠኝ። "የላይኛውን ስማው። የሚልህን ብቻ አድርግ። ታች ሆነህ አታውራ" አለኝ።

እኔን? አታውራ? ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

"ኤላ ውስጥ ይዘፈናል እንጂ አይወራም።"

እሺ አልኩት። አንተም እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ሁለት አግባ አልኩት። እሺ አለ።

እሁድ፣ መጋቢት 2

ጠፋ። ሁሉም ጠፋ። ዛሬ የማልጽፈው እጄ ስለተላጠ ነው። እጄ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ልጻፈው።

ሲነጋ ደረስኩ። ታች አወረዱኝ። ለክብሬ ላይ የሚያቆሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ለጀማሪ የሚሰጠው ታች ነው፣ መቅዳት ብቻ ስለሆነ። ውሃው እስከ ጉልበቴ። ከላዬ አምስት ሰዎች፣ ከእነሱ በላይ ቁራጭ ሰማይ፣ የኳስ ያህል። ባዶውን ባልዲ ይጥሉልኛል፤ ኦኮሌ ነው የሚሉት። ሞልቼ እሰጣለሁ። ይዘፍናሉ። ፀሐይ ከፍ ሳትል መዳፌ ተላጠ። ትንፍሽ አላልኩም። ጎበዝ ነበርኩ። ይህ ጉራ አይደለም፤ ልክ ከላዬ የቆመው ጃርሶ ራሱ "ጃባዱ" ብሎኛል፣ በርታ ማለቱ ነው።

ታዲያ ምን አስለፈለፈኝ?

ከቀትር በኋላ ነው። የኦቦ ዋቆ ባለቤት ዲንኪቱ ወተት ይዛ ወደ ከተማ ልትወርድ ነው፣ ለሁቃ መልእክት ካለህ ስጥ የሚል ቃል ከላይ መጣ። የለኝም ማለት ነበር። ወይም በርታ በሉልኝ። ምን ከበደኝ?

"ቢረሳው ኤላ ውስጥ ሞቷል፣ ዋንጫውን ይዘህ መጥተህ ቅበረው በሉልኝ" አልኩ።

ጃርሶ ሳቀ። ለላይኛው ነገረው። ያም ለላይኛው። ቃሌ እንደ ውሃው በሰው በሰው ወጣ... ሳቁ ግን ታች ቀረ። ጫፍ ላይ ያለው ሰውዬ ባልዲ እየተቀበለ ነው፤ ፊቷን አላየም። ቢረሳው ኤላ ውስጥ ሞቷል አላት። የቀረውን ሲል መንገድ ጀምራ ነበር። እሱ ዞሮ ባልዲውን ተቀበለ።

ሜዳው ጋ ስትደርስ እረፍት ሆኗል። ዳዋ አንድ ለባዶ ይመራል። ያገባው ሁቃ ነው። የነገረችውም ለእሱ ብቻ ነው፤ ጆሮው ላይ። ለማንም አልተናገረም፤ ከሜዳው ወጥቶ ሮጠ። በኋላ እንደሰማሁት አቶ ሥዩም ሽንት ቤት የሄደ መስሏቸው ነበር።

እኔ ደግሞ ታች ሆኜ ዘፈኑን ለምጄ አብሬ እዘፍናለሁ። ድንገት ቆመ። ቀና ብል መሰላሉ ላይ ሰማያዊ ነገር ይወርዳል። የእኛ ማልያ። ዋንጫውን ሊያሳየኝ መጣ ብዬ ልቤ ዘለለ።

"ስንት ለስንት?" አልኩት።

ጃርሶን አልፎ ውሃው ውስጥ ገባ። ትከሻዬን ያዘ። ፊቴን በእጁ ዳሰሰ፣ እንደ ዕውር። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ እግሩን እሾህ በልቶታል።

"ደህና ነህ?"

"ስንት ለስንት ነው እኮ የምልህ።"

"አንድ ለባዶ" አለ። "እረፍት ላይ ወጣሁ።"

ለምን እንደ ወጣ ያኔ ገባኝ። ጃርሶም ገባው መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሁቃ ማልያውን አውልቆ መሰላሉ ላይ አንጠለጠለ። ባልዲውን ከእጄ ወሰደ። ውጣና አረፍ በል አለኝ። የቀረውን ከብት እሱ አጠጣ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? አንድ ጊዜ እንኳ።

ሦስት ለአንድ አለቀ። ለካምፖቹ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ዲንኪቱን ገበያ ላይ አገኘኋት። ቀልድ ነበር አልኳት። ወተቷን መለካት ቀጠለች። ደግሜ ተናገርኩ፣ በዚያ በሚያስቀው ኦሮምኛዬ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

"አባቱ ሞቶ ከዚያ ኤላ ሲወጣ ወደ ሁቃ የተላክሁት እኔ ነኝ" አለች። "ያኔም እኔ ነኝ የነገርኩት። በዚህ የሚቀልድ ሰው እንዳለ በምን ልወቅ?"

ድንጋይ ወርዶበት ነው። ሁቃ ያኔ ልጅ ነበር።

ይህን ሁሉ ዓመት ስሙን ስጮህ አባትህ የት ነው ብዬው አላውቅም። የጫማ ቀለም አይቼ በረኛ የማሳብድ ሰው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

አቶ ሥዩም ግቢ ስብሰባ ነበር። ተጫዋቹም ደጋፊውም። ሁቃን መሃል አቆሙት። ጨዋታ ጥለህ የሄድከው በምን ምክንያት ነው ተባለ። እኔን አላየም፣ መሬት አየ።

"ተራዬ ነበር" አለ።

ዋሸ። ሁቃ ሲዋሽ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ለእኔ ብሎ።

ተነሣሁ። "ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "ሞቻለሁ ብዬ የላክሁበት እኔ ነኝ።"

ከዚያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ግቢው በሙሉ። አቶ ሥዩም ዕንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ "አንተ ሰው፣ በዚህ ቀን እንኳ አታርፍም?" አሉ። እውነቴን ነው አልኩ፤ ባሰባቸው። ማርያምን አልኩ፤ አንዱ ከወንበር ወደቀ። ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ሳቁ ከፍ አለ። ይህን ድምፅ ሜዳ ዳር ያሳደግሁት እኔው ነኝ። አሁን እምቢ አለኝ።

ሁቃ ከቡድኑ እንዲወጣ ተወሰነ። ማልያውን ይመልስ ተባለ። አጥቦ አጣጥፎ ይዞት መጥቷል። ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር ማለት ነው?

በሩ ላይ ደረስኩበት። ለምን እውነቱን አልተናገርክም አልኩት።

"አንተ ተናገርክ አይደል?" አለኝ። ሄደ።

እሁድ፣ መጋቢት 9

ካምፖቹ አዋሳ ሄዱ። ካሚዮኑ በሥጋ ቤቱ በር አለፈ፤ ባንዲራ ሰቅለው፣ እየዘፈኑ። አንዱ ወታደር አውቆኝ፣ ቢረሳው ና ውጣ፣ ለአንተ ቦታ አለ አለኝ። ከልቡ ይመስለኛል። በባዶ መስቀያ መሃል ቆሜ አየኋቸው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ኤላው ጋ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ኦቦ ዋቆ አዩኝ፣ በዱላቸው ወደ ታች ጠቆሙኝ። ወረድኩ። ጃርሶ በሌላ ቦታ ቆሟል፣ ልክ ከላዬ ሁቃ ነው። ሞልቼ ሰጠሁት፣ ባዶ ሰጠኝ። ከዘፈኑ ሁለት ስንኝ ይዣለሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 21

አቶ ሥዩም አስጠሩኝ። ቡድኑን አዋቅረዋል። ሁቃን በሌላ ሰው ተክተዋል፣ ጥሩ ይሮጣል አሉ። እሁድ ጧት ከሻኪሶ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አለ፣ እንግዶቹ ሳይመሽባቸው እንዲመለሱ። እና ድምፅ ያስፈልጋል።

"ሜዳው ያለ አንተ አይደምቅም፣ ቢረሳው።"

"እሁድ ተራዬ ነው፣ ጌታዬ።"

"የምን ተራ?"

"የውሃ።"

አሁንም ሳቁ። "ደግሞ አንተ ላም አለህ እንዴ?" አሉኝ።

የለኝም። የለኝም አልኳቸው። ያን ጊዜ መሳቃቸውን አቆሙ፤ ዓይኔን አዩት። ምን እንዳዩ አላውቅም። ጾሙን አጥብቀህ ይዘኸዋል መሰል፣ ከስተሃል አሉኝ።

እሁድ፣ መጋቢት 23

ዝናቡ ዘግይቷል። ደመናው ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ከብቱ ቆዳና አጥንት ሆኗል፤ እኔ ሥጋ ቆራጭ ነኝ፣ አውቃለሁ። የኤላው ውሃም ወርዷል፤ አሁን የምቀዳው ጎንበስ ብዬ ነው።

ከቀትር በኋላ ከከተማ ሰው መጣ። ወሬው ከላይ ተነሥቶ በሰው በሰው ወርዶ ደረሰኝ፤ ዳዋ ሻኪሶን አራት ለባዶ። ያለ ሁቃ። ያለ እኔ።

አራት።

ቃሉን ያቀበለኝ ሁቃ ነው፣ ልክ ከላዬ ስለሆነ። ሌሎቹ እንዳቀበሉት አድርጎ ነው ያለው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ከዚያ መሰላሉን እንደያዘ ቁልቁል አየኝ።

"አትጮህም?" አለኝ።

ኦኮሌውን ሞልቼ ሰጠሁት።